አሳቲግን ማን በላት? ስለ ኦሽን ሲቲ ኮንዶ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ያክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። የግብፁ ሳይሆን የቨርጂኒያው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፋለች፦ «አንብበውና እንግዛ ወይ አንግዛ በለኝ።»

ጽሑፉ በአማርኛ ነው። የጻፉት ሰው በቤት ሽያጭ ሥራ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ስማቸውን አላነሳም፤ ጠቤ ከእሳቸው ጋር አይደለም። አማርኛቸውም ያምራል። የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሐበሻ በየበጋው ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ እየሄደ ለሆቴል ገንዘቡን ከሚበትን ኮንዶ ይግዛ። «ባሕሩ ዳርቻውን እየበላው ነው» የሚባለውን ወሬ አትስሙ።

ለዚህም አምስት ነጥብ ደርድረዋል። አንድ፣ መሸርሸር የተፈጥሮ ሥራ ነው። ሁለት፣ ሕንፃ የሚቆመው መሬት ላይ ስለሆነ ከአሸዋው ጋር ጉዳይ የለውም። ሦስት፣ ወደ ባሕሩ የተዘረጋው የድንጋይ ክንድ ከተማዋን አዳናት እንጂ አልጎዳትም፤ ማስረጃው ደግሞ በደቡብ ጫፍ ያለው ዳርቻ ዛሬ ከድሮው ሰፊ መሆኑ ነው። አራት፣ ጎረቤቷ የአሳቲግ ደሴት አንድም ሆቴል ሳይኖርባት ከኦሽን ሲቲ ይበልጥ ተበልታለች፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሕንፃ አይደለም። አምስት፣ መንግሥት አሸዋ እየጨመረ ነው፤ ችግር ቢኖርም ተፈቷል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይሄን የሚቃወሙ ሰዎች ዕድገት የማይወዱ ናቸው የምትል ጅራት ተቀጥላለች።

ኦሽን ሲቲን አውቃታለሁ። በዲቪ በመጣሁ በመጀመሪያው በጋ ቦርድዎኩ (ከባሕሩ ዳር የተዘረጋው የእንጨት መንገድ) ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠርቻለሁ። ሥራዬ አሸዋ መጥረግ ነበር። እውነቴን ነው። ጠዋት ከደረጃው፣ ከኮሪደሩ፣ ከሊፍቱ ውስጥ አሸዋ እጠርጋለሁ። ማታ ስመለስ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አለቃዬ «አሸዋውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትደፋው፤ ወደ ባሕሩ ዳር መልሰው» ይለኝ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዛሬም በየዓመቱ ቤተሰብ ይዤ እሄዳለሁ። ኩለር ሙሉ ጥብስና እንጀራ፣ ቼሳፒክ ቤይን የሚያሻግረው የቤይ ብሪጅ ድልድይ ክፍያ፣ ከዚያ ሩት 50ን ተከትሎ እስከ ውሃው ድረስ መንዳት። ስለዚህ ከተማዋን የምጠላ ሰው አድርጋችሁ አታንብቡኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በጋና ክረምት የምለውም የአሜሪካውን ሰመርና ዊንተር ነው።)

«ተፈጥሮ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የያዙትን አልነፍጋቸውም። ከኒው ጀርሲ እስከ ሰሜን ካሮላይና ያለው ዳርቻ አብዛኛው ጠንካራ መሬት አይደለም። ከዋናው ምድር ፊት እንደ አጥር የተዘረጉ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ናቸው። ኦሽን ሲቲም የቆመችው እንዲህ ያለ አሸዋ ላይ ነው። ፊታቸው አትላንቲክ ነው። ጀርባቸው ደግሞ ቤይ የሚሉት፣ ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውሃ። ባሕሩም ከፍ እያለ ነው። መሬቱ ራሱ ቀስ እያለ መስመጡ ተጨምሮበት፣ በዚህ አካባቢ ባለፉት 100 ዓመታት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ሰሜን ካሮላይና፣ አውተር ባንክስ ላይ ከ2020 ወዲህ ከ10 በላይ ቤቶች ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። እዚያ በየመንገዱ የተደረደረ ፎቅ የለም። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ።

ግን አንድ ነገር ዘለዋል። እንዲህ ያለች ደሴት ብቻዋን ከተተወች ወዲያው አትጠፋም። ትሄዳለች። ወጀብ ሲመጣ የፊቷ አሸዋ በላይዋ ተሻግሮ ጀርባዋ ላይ ይወድቃል። ከፊት የጎደለው ከኋላ ይሞላል። ድንኳኗን ነቅላ ትንሽ ወደ ኋላ ትተክላለች ማለት ነው። ይሄን ስታደርግ ሺህ ዓመታት ኖራለች። ችግሩ የሚጀምረው ሰው መጥቶ ሊፍት ያለው ሕንፃ ከተከለባት በኋላ «በቃ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ሲላት ነው።

«ሕንፃ መሬት ላይ ነው ያለው»

የትኛው መሬት ላይ? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

ባሕር ዳር ስትቆሙ ከኋላችሁ ሣር የበቀለበት የአሸዋ ጉብታ ታያላችሁ። ልጆች የሚንከባለሉበት፣ «አትርገጡ» የሚል ምልክት የተተከለበት። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ጉብታው ግን የዳርቻው ጎተራ ነው። በክረምት ወጀብ ሲበረታ ማዕበሉ ከጉብታው አሸዋ ቦጭቆ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ እዚያም ከውሃው ሥር ይቆልለዋል። ቁልሉ ቀጣዩን ማዕበል ገና ከሩቁ ይሰብረዋል። በጋ ሲመጣ ለስላሳው ማዕበል ያንኑ አሸዋ ትንሽ በትንሹ ወደ ዳር ይመልሳል። ንፋሱ ደግሞ አንስቶ ጉብታው ላይ ያስቀምጠዋል። ክረምት ይበደራል፣ በጋ ይከፍላል። ዕቁብ በሉት።

አሁን በዚህ ጎተራ ላይ ፎቅ አቁሙበት። ኦሽን ሲቲ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ቤይ ብሪጅ በ1952 ተከፈተ፣ ሁለተኛው በ1973። ዋሽንግተንና ባልቲሞር ያለው ሰው መኪናውን አስነስቶ በሦስት ሰዓት ጉዞ ገደማ ባሕር ዳር መድረስ ቻለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ94ኛው ጎዳና ወደ ሰሜን ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ተሰለፉ። ኮንዶ ሮው የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጸሐፊው ፎቷቸውን ከነጀንበሯ የለጠፏቸው። ጉብታው የሚጠራቀምበት፣ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ በኮንክሪት ተያዘ። ጎተራው ሲዘጋ ማዕበሉ የሚበደረው ከፊት ካለው ቀጭን ዳርቻ ብቻ ሆነ። የመጨረሻዋ ስንዝር ስታልቅ ደግሞ መሠረቱን ማንኳኳት ይጀምራል።

«ታዲያ ግንብ ይሠራ» ይላሉ። ግንብ ቤቱን ሊያድን ይችላል። ዳርቻውን ግን አያድንም። ማዕበል ተዳፋት አሸዋ ላይ ሲወጣ ጉልበቱን እየጣለ ነው የሚወጣው፤ ውሃውም እዚያው ይሰርጋል። ቀጥ ካለ ግንብ ጋር ሲጋጭ ግን ተመልሶ ከግንቡ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይሄዳል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲ ብራይት የምትባል ከተማ አለች። ግዙፍ የድንጋይ ግንብ ሠራች፤ ግንቡ ቆመ። ዳርቻው ግን ሄደ። በ1990ዎቹ አሸዋ እስኪሞላላት ድረስ «የባሕር ዳር ከተማ» ስትባል ኖራለች፣ ፎጣ የሚነጠፍበት ዳርቻ ሳይኖራት።

ስለ ጀርባውም ጸሐፊው ምንም አላሉም። ከኋላ ያለው ቤይ ዳር ድሮ ረግረግ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከሥሩ ጭቃ እየተዛቀ፣ ረግረጉ ላይ እየተሞላ፣ በመሃሉ ቦይ እየተቀደደ የቤት ቦታ ሆነ። ሜሪላንድ ሕግ አውጥታ ይሄን የገታችው በ1970 ነው። ረግረጉ ደሴቲቱ ወደ ኋላ ስትሄድ የምታርፍበት ፍራሿ ነበር። ዛሬ ኦሽን ሲቲ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጨረቃ ሙሉ ሆና የባሕሩን ሙላት ከፍ ስታደርገው፣ መኪናችሁን ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ በባሕሩ በኩል ሳይሆን በዚህ በኩል ነው። «በርካሽ አለ» የሚባለው ኮንዶም በብዛት የሚገኘው እዚሁ ነው። ያክስቴ ልጅ፣ ይቺን አስምሪባት።

ክንዱና አሳቲግ

ሦስተኛውንና አራተኛውን ነጥብ አብሬ እመልሳለሁ። ጸሐፊው ለያይተዋቸዋል እንጂ አንድ ታሪክ ናቸው። ለያይተው ባይጽፏቸው ኖሮ ሙግታቸው አይቆምም ነበር።

ከ1933ቱ ወጀብ በፊት ኦሽን ሲቲና አሳቲግ አልተለያዩም ነበር። በእግር የሚኬድ አንድ የአሸዋ መሬት ነበሩ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ዝናቡ ለቀናት ወረደ። አውሎ ነፋሱ ተከተለ። ከኋላ ያለው ቤይ ሞልቶ መውጫ አጣ። ከዚያ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ደሴቲቱን ቆርጦ ወደ ባሕሩ ወጣ። የባቡሩን ድልድይም አብሮ ወሰደው።

የከተማዋ ሰው አዘነ? በጭራሽ። ደስ አለው። ዓሣ አጥማጆቹ ከቤይ ወደ ባሕር የሚያስገባ በር ሲመኙ ነበር፤ ወጀቡ በነፃ ከፈተላቸው። ብቸኛው ስጋት በሩ ተመልሶ እንዳይደፈን ነው። እንዲህ ያለ በር በራሱ ጊዜ ይከፈታል፣ ይንሸራተታል፣ ይዘጋል። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር በ1934 እና በ1935 በግራና በቀኝ ሁለት የድንጋይ ክንዶች ወደ ባሕሩ ዘረጋ። ጀቲ የሚባሉት እነሱ ናቸው። በሩ ተቸነከረ። ከተማዋም የዓሣ ማጥመጃ መዲና ሆነች።

አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። እዚህ ዳርቻ ላይ አሸዋው ቆሞ አያውቅም። ማዕበሉ ዳርቻውን አግድም ስለሚመታው አሸዋው ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይጓዛል። እንደ ወንዝ ነው፤ የማይታይ ወንዝ። ከላይ ከደላዌር ድንበር በኩል ይመጣል፣ በኦሽን ሲቲ ፊት ያልፋል፣ አሳቲግን ይመግባል፣ ይቀጥላል። በዚህ ወንዝ መሃል የድንጋይ ክንድ ስትዘረጉበት ምን ይሆናል?

ከገጠር የመጣ ሰው ይሄን ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልገውም። መስኖ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ላይኛው ገበሬ ቦዩን በድንጋይ ጠልፎ ወደ ማሳው ሲመልሰው ቃሪያው ይለመልማል። የታችኛው ሽንኩርት ይጠወልጋል። ኦሽን ሲቲ ላይኛው ናት፣ አሳቲግ ታችኛው። ሰሜኑ ክንድ አሸዋውን ያዘ። ከእሱ በስተሰሜን ያለው ዳርቻ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ። ደቡብ ጫፍ ላይ መኪና የምናቆምበትን ያን ትልቅ ሜዳ ታውቁታላችሁ አይደል? በበጋ ቦታ ፍለጋ አሥር ጊዜ የምንዞርበትን። የቆመው ክንዱ በያዘው አሸዋ ላይ ነው። ጸሐፊው «ከድሮው ሰፊ ነው» ያሉት ዳርቻ እሱ ነው። ሰፊ ነው፣ አልዋሹም። የሰፋው ግን ወደ ጎረቤት ይሄድ በነበረ አሸዋ ነው። ክንዱን አልፎ የወጣውም ቢሆን ብዙው አሳቲግ አልደረሰም። በሩ ፊት ለፊት በውሃ ሥር ተቆለለ፤ ከፊሉም ወደ ቤይ ገባ።

አሳቲግስ? ሰሜኗ ፆሟን አደረች። በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ምዕራብ ሸሸች፤ ከራሷ ወርድ በላይ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና የኦሽን ሲቲን ዳርቻ በጣታችሁ ተከትላችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። በሩን ስትሻገሩ ጣታችሁ ባሕር ላይ ይሆናል። አሳቲግ ወደ ግራዋ ገብታ፣ ደረጃ እንደሳተች ሰው ወደ ኋላ ቀርታ ታገኟታላችሁ። ከ1933 በፊት ያ መስመር አንድ ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው «አሳቲግ ሕንፃ ሳይኖርባት ተበላች፤ ስለዚህ ሕንፃ ጥፋት የለበትም» ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ ተመልከቱ። ላይኛው ገበሬ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ «እዩት፣ የእኔ ለምልሟል፣ የእሱ ደርቋል፤ ስለዚህ ውሃ መጥለፍ ጉዳት የለውም» እያለ ነው። መልሱን መስኖ ላይ ለተጣላ ሰው ጠይቁት።

ደግሞም «አንድም ሆቴል የሌለባት» የሚሏት አሳቲግ እንደሚመስለው ድንግል አልነበረችም። በ1950ዎቹ ደሴቲቱ ላይ አዲስ ከተማ ሊቆረቆር ነበር። 5,000 ገደማ የቤት ቦታ ተሸጠ። ባልቲሞር ቡሌቫርድ የሚባል አስፋልት በደሴቲቱ ርዝመት ተዘረጋ። ሻጮቹ ያኔ ምን ይሉ እንደነበር አላነበብኩም። ግን ከላከችልኝ ጽሑፍ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ማርች 1962 መጣ። ከ6ኛው ቀን እስከ 8ኛው ወጀቡ አልሄድ አለ። አምስት ተከታታይ የባሕር ሙላት በላዩ አለፈ። ኦሽን ሲቲ ክፉኛ ተመታች። አሳቲግ ላይ የነበሩት ጥቂት ቤቶች አብዛኞቹ ተጠራርገው ሄዱ፣ መንገዱም ተቦጫጨቀ። አንድ ወጀብ ነው፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን ከዚያ በኋላ በየፊናቸው ሄዱ። ኦሽን ሲቲ መልሳ ሠራች፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ወደ ላይ ወጣች። የአሳቲግን ቦታ ደግሞ ኮንግረስ በ1965 ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ፓርክ አደረገው። አሁን ባለቤቶቹ የዱር ፈረሶች ናቸው። ከፈለጋችሁ ኩለራችሁን ጭምር የሚወርሱ።

እዚያ አጭር የእግር መንገድ አለች፤ የአሸዋውን ጉብታ ሕይወት የምታሳይ። ልጆቼን ይዤ ስሄድ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ አስቆማቸዋለሁ። ከአሸዋው ሥር ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። ትንሹ ልጄ መጀመሪያ ያየው ቀን «አባ፣ ከሰል!» አለኝ። ከሰል አይደለም። የባልቲሞር ቡሌቫርድ አስፋልት ነው። ጠርዙ እንደ ተቆረሰ ድፎ ነው፤ ከላዩ ቁጥቋጦ በቅሏል። ቤት ሻጭ ከደንበኛው ጋር ቆሞ «እዚህ ጋ ሳሎኑ ይሆናል» ሲል የነበረበት መንገድ። ቀና ብላችሁ ወደ ሰሜን ስታዩ የኦሽን ሲቲ ፎቆች በጉም ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ።

ጸሐፊውን አንድ ቀን ብጋብዛቸው የምወስዳቸው እዚያ ነው።

«መንግሥት አሸዋ ይጨምራል»

ይጨምራል። የሚጨምርበት ምክንያት ግን ሙግታቸውን የሚያፈርስ ነው።

በ1985 ግሎሪያ የሚባለው አውሎ ነፋስ ቦርድዎኩን ነቃቅሎ ጣለው። ከተማዋ ፊት የቀረው ዳርቻ ቀጭን እንደሆነ ያኔ ሁሉም አየ። ግዛቱ በ1988፣ ፌዴራሉ በ1990 እና በ1991 ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጡ ዳርቻውን አሰፉት። በአሮጌው ከተማ በኩል፣ ከ4ኛው እስከ 27ኛው ጎዳና፣ ከቦርድዎኩ ጥግ ግድግዳ ተተከለ። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ እስከ ደላዌር ድንበር፣ የአሸዋ ጉብታ ተሠራ። ልብ በሉ፦ ከሕንፃዎቹ ሥር የጠፋውን ጉብታ በሚሊዮኖች ዶላር መልሰው ከሕንፃዎቹ ፊት ሠሩት። ጉብታ ከንቱ ጌጥ ቢሆን ማን ይሄን ያደርጋል?

ሠርቷል ወይ? ሠርቷል፣ መናገር አለብኝ። ሥራው ባለቀ በወራት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1992 ከባድ ወጀብ መጣ። አዲሱ አሸዋ ተበላ፤ ከኋላው ያለው ከተማ ግን ተረፈ። አሸዋው የተቀመጠው እንዲበላ ነው። በር ላይ እንደሚጣል አጥንት በሉት፤ ውሻው እሱን ሲግጥ እናንተ ታልፋላችሁ።

ግን አጥንቱ ያልቃል። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ገደማ ይደገማል። ስምምነቱ የ50 ዓመት ነው፣ እስከ 2044። ከወጪው ከግማሽ በላዩን የሚከፍለው ፌዴራል መንግሥት ነው። ቀሪውን ግዛቱ፣ ካውንቲውና ከተማዋ ይካፈላሉ። እኔ ከባሕሩ ርቄ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ኮንዶ ሳይኖረኝ፣ እከፍላለሁ። አልተከፋሁም፣ በበጋ እተኛበታለሁና። «ተፈቷል» ሲባል ግን ይከፋኛል። በየአራት ዓመቱ የሚታደስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድኗል አይባልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ በጥቅምት ወደዚያው ወሰድኳት። ባሕሩ ላይ መርከብ ቆሟል። ከሥሩ የመጣ ወፍራም የብረት ቱቦ ዳርቻው ላይ ግራጫ ውሃና አሸዋ እያስታወከ ነው። ቡልዶዘር ይገፋዋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ባሕሩ የወሰደውን አሸዋ እየመለሱ።»

«ከየት አምጥተው?»

«ከባሕሩ።»

«ባሕሩስ?»

«መልሶ ይወስደዋል።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ደመወዙ ጥሩ ነው?» አለችኝ።

የአሳቲግ ድርሻም በመጨረሻ መጣ። በ2002፣ 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ሰሜን ጫፏ ላይ ፈሰሰላት። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ አሸዋ የሚመጥጡ ትንንሽ መርከቦች በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጡ፣ በሩ አካባቢ ከተቆለለው እየወሰዱ በአሳቲግ ፊት ይደፉላታል። ኩሪታክና መርደን የሚባሉት መርከቦች ናቸው። ክንዱ ያቋረጠውን የአሸዋ ወንዝ በመርከብ እየተሸከሙ ማሻገር ማለት ነው። በእኛ አገር መስኖ ላይ የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ላይኛው ሲሰስት ቦዩን ከፍቶ ለታችኛው ድርሻውን የሚሰጥ። መሐንዲሶቹ ክንዱን ከሠሩ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ የውሃ አባት ሆኑ። ጸሐፊው አሸዋ የሚጨምረውን መንግሥት በአምስተኛው ነጥብ ሲያመሰግኑ፣ ያው መንግሥት በዚህ ሥራው አራተኛ ነጥባቸውን እንዳፈረሰባቸው አላስተዋሉም። ክንዱ አሳቲግን ካልጎዳት መርከቦቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ምን ይሠራሉ?

ማሽኑ ቢቆምስ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኦሽን ሲቲ ወደ ሰሜን ትንሽ ስትነዱ ደላዌር ውስጥ ኢንዲያን ሪቨር የሚባል ተመሳሳይ በር አለ። እሱም በ1930ዎቹ መጨረሻ በድንጋይ ክንድ ተቸንክሯል። እዚያ አሸዋው የሚሄደው ወደ ሰሜን ስለሆነ የሚራበው ሰሜኑ ጎን ነው። ከ1990 ጀምሮ አሸዋውን በቱቦ የሚያሻግር ፓምፕ ነበረው። ፓምፑ አርጅቶ ቆመ። በ2024 ባሕሩ በዚያ በኩል ያለውን ጉብታ አንዴ በማርች፣ አንዴ በኦገስት ሰብሮ ገባ። ሪሆቦት ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፍበት ሩት 1 ተዘጋ። ፓምፑ ከቆመ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው።

ስለ ጅራቷ ነጥብ፣ ማለትም «ዕድገት የሚጠሉ ሰዎች» ስለምትለው፣ ብዙ አልልም። ኦሽን ሲቲ ላይ የበጋ ሥራ ባይኖር ኖሮ እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን አላገኝም ነበር። ጉብታውን ሳይነኩ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው የተሠሩ ቤቶችም አሉ። የት ይሠራ ብሎ መጠየቅ አይሠራ ማለት አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ግዢ ወይም አትግዢ አላልኳትም። ገንዘቡ የእሷ ነው። ሻጩን የምትጠይቀውን ግን ነገርኳት። ቤቱ በባሕሩ በኩል ነው በቤይ በኩል? መሬቱ ከውሃው ስንት ከፍ ይላል? የጎርፍ ኢንሹራንሱ ዘንድሮ ስንት ነው፣ ከአምስት ዓመት በፊትስ ስንት ነበር? የሕንፃው ማኅበር ላለፉት ዓመታት ለጥገና ተጨማሪ ክፍያ ጠይቋል ወይ? ደግሞ ቤቱን በጁላይ አትዪው። በጃንዋሪ፣ ከወጀብ ማግስት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እዪው። ቦት ጫማ አድርገሽ።

«አንተ በጃንዋሪ ትወስደኛለህ?» አለችኝ።

«እወስድሻለሁ። አስፋልቱንም አሳይሻለሁ።»

«የምን አስፋልት?»

የአስፋልቱ ታሪክ በላከችልኝ ጽሑፍ ውስጥ የለም። አምስቱን ነጥቦች ብቻ ነው ያየችው። ይሄኛውንም እልክላታለሁ። ጥብሱን እሷ ትሠራለች፣ ቤንዚኑ የእኔ ነው።